ስለ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ፤ ከአዲስ አበባው አዳራሽ እስከ ሐዋሳ መጋዘን

በሐዋሳ ከተማ መናኸሪያ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። መናኸሪያ ማለት መንገደኛና መኪና የሚገናኙበት፥ ሒሳቡና የጉዞው ተራ የታወቀበት ሥፍራ ነው። ለእህልና ለቡናም እንዲህ ያለ መገናኛ ያስፈልጋቸዋል፤ እርሱም ምርት ገበያ ይባላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ለምን እንደ ተቋቋመ፥ እንዴትም እንደሚሠራ፥ ለሲዳማ ቡና አምራች ምን እንዳመጣለትና ምን እንዳስቀረበት ለመግለጽ እንሞክራለን።

ገበያ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አስቸጋሪው ነገር የማይተዋወቁ ሰዎች የሚገበያዩበት መንገድ መታጣቱ ነበር። ነጋዴው ከሩቅ አገር እህል ሲገዛ ጥራቱን በዐይኑ ካላየ፥ ክፍያውንም በእጁ ካልጨበጠ አያምንም፤ ስለዚህ ከሚያውቀው ሰው ጋር ብቻ ይነግዳል፥ አለዚያም በደላላ ይተማመናል። የምጣኔ ሀብት ሊቅ የሆኑት ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ይህንኑ የእህል ደላሎችን ሥራ በሰፊው አጥንተዋል። የችግሩ ክብደት በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ጐልቶ ታየ፤ በቆሎ ከመትረፍረፉ የተነሣ ዋጋው እጅግ ወደቀ፥ ገበሬውም ከሰረ። ወዲያው በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ሆነና ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። እንግዲህ ማምረት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቋመ፤ ዶክተር እሌኒም የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። ግብይቱ በሚያዝያ 16 ቀን 2000 ዓ.ም. በበቆሎ ተጀመረ። በ2001 ዓ.ም. ቡና ሲጨመር ግን ገበያው ዋና የንግድ በር ሆነ፤ የቡና አቅራቢዎች ምርታቸውን በዚሁ በኩል እንዲሸጡ ሕጉ አስገደዳቸውና። የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ግን ቡናቸውን በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልኩ ተፈቅዶላቸው ነበር።

የገበያው አዳራሽ በአዲስ አበባ፥ በሜክሲኮ አደባባይ አቅራቢያ በአልሳም ጨለለቅ ሕንፃ ውስጥ ነበር። በዚያ የሻጭና የገዥ ወኪሎች የተለያየ ቀለም ያለው ሰደርያ ለብሰው ዋጋ ይጠሩ ነበር፤ ሲስማሙም እጅ ለእጅ ይማታሉ። ይህ ምልክት በከብት ገበያችን ከጥንት የታወቀ ነው። ጩኸቱ ደግሞ የሌላ አገር ዘመድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1848 በተቋቋመው በቺካጎው የእህል ገበያም ነጋዴዎች እንዲሁ ይጮኹ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1930 በተሠራው ሕንፃው ጫፍ ላይም የእህል አምላክ የምትባለው የሴሬስ ሐውልት ቆማለች። ሰው ሁሉ ምርት ገበያ ሲባል የሚያስበው እንዲህ ያለውን አዳራሽ ነው።

በእኛ አስተያየት ግን ሥራውን የሚሸከመው አዳራሹ ሳይሆን መጋዘኑ ነው። ይህንንም በሐዋሳ ማየት ይቻላል። አቅራቢው ቡናውን ጭኖ ወደ ሐዋሳው መጋዘን ሲያመጣ፥ ከጭነቱ ናሙና ይወሰዳል። የታጠበ ቡና ከሆነ ከመቶው 40 ነጥብ በጥሬው መልክና ጉድለት፥ 60 ነጥብ ደግሞ በቅምሻ ይሰጠዋል። ከዚያ ደረጃው ተወስኖ፥ ክብደቱም ተመዝግቦ፥ አቅራቢው የመጋዘን ደረሰኝ ይቀበል ነበር። በአዲስ አበባ ሲሸጥ የነበረው እንግዲህ ይህ ደረሰኝ ነበር፤ ቡናው ከመጋዘኑ አይንቀሳቀስም ነበር። ዋጋው በፈረሱላ፥ ማለት በ17 ኪሎ ግራም ይጠራል። ገንዘቡም በማግሥቱ በባንክ በኩል ለሻጩ ይደርሳል። ከዚያ በፊት ገንዘቡን ለመሰብሰብ ብዙ ቀን ይጉላላ ለነበረ አቅራቢ ይህ ታላቅ ዕረፍት ነው።

ነገር ግን ይህ እምነት በነፃ አልተገኘም። ለማይተዋወቁ ሰዎች የሚሸጥ ዕቃ አንዱ ከሌላው የማይለይ መሆን አለበት፤ በቆሎ ለዚህ ይመቻል፥ ቡና ግን አይመችም። የበንሳም የአለታ ወንዶም ቡና ከመጋዘኑ ሲወጣ «ሲዳማ» ከነደረጃው ተባለ እንጂ፥ የትኛው ቀበሌ፥ የማን ማጠቢያ እንዳዘጋጀው ለገዥው አይነገረውም ነበር። ዓለም ደግሞ በዚያው ዘመን ለቡናው ትውልድ ቦታ ተጨማሪ ዋጋ መክፈል ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ቀይ እሸት ብቻ እየለቀመ የሚደክመው ገበሬ ድካሙ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ስሙ ይጠፋ ነበር። ውጭ አገር ያሉ ገዥዎችም ቅሬታቸውን አበዙ።

መፍትሔውም ቀስ በቀስ መጣ። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 የቡናው መነሻ የሚታወቅበትን፥ ገበሬውም ያመረተውን ራሱ ወደ ውጭ የሚልክበትን መንገድ ከፈተ። ግብይቱ ደግሞ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መካሄድ ያዘና የአዳራሹ ጩኸት ቆመ፤ በቺካጎም የወደፊት ውሎች መጫረቻ ጉድጓዶች አብዛኞቹ የተዘጉት እ.ኤ.አ. በ2015፥ በዚያው ጊዜ ግድም ነበር። በኋላም በሐዋሳ የኤሌክትሮኒክ መገበያያ ማዕከል ተከፈተና፥ አቅራቢው ለመገበያየት እስከ አዲስ አበባ ድረስ 275 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ቀረለት።

ከዚህ የምንረዳው አዳራሽ ቢዘጋም ገበያ እንደማይዘጋ ነው፤ ሚዛኑና ቀማሹ ከታመኑ ግብይቱ በየትም ቦታ ይካሄዳል፥ እነርሱ ካልታመኑ ግን ማንኛውም ሕንፃ አያድነውም። ወደ ፊት መመርመር የሚገባው ጥያቄ፥ የቡናው ስም ሲመለስ የስሙ ዋጋ ከላኪውና ከአቅራቢው አልፎ እስከ ለቃሚው ገበሬ ድረስ ይወርዳል ወይ የሚለው ነው። ይህንን ለመመርመር የሚሻ የትምህርት ጓደኛችን ሥራውን ከአዲስ አበባ ሕንፃ ሳይሆን፥ የሐዋሳው መጋዘን የሰጠውን ደረጃ ገበሬው በማጠቢያው በር ከተቀበለው ዋጋ ጋር በማስተያየት ቢጀምር መልካም ይመስለናል።