በመቀነት የተቋጠረ ጠገራ ብር ስንት ያወጣል?

አዘና የሚኖሩ አክስቴ ከመቀነታቸው ቋጠሮ አምስት ጠገራ ብር አውጥተው መዳፌ ላይ ደረደሩልኝ። የጎረቤት ልጅ «የጀርመን ጥንታዊ ገንዘብ ነው፣ ውጭ አገር ሚሊዮን ያወጣል» ብሏቸዋል። ገበያ ላይ ያገኙት ነጋዴ ደግሞ ሚዛን እንኳ ሳያወጣ በግምት ዋጋ ሰጥቷቸዋል። «ማንን ልመን ልጄ?» አሉኝ። ሁለቱንም አይመኑ አልኳቸው።

የጎረቤቱን ልጅ ያሳሳተው ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው 1780 ነው። ቁጥሩ በአውሮፓ አቆጣጠር የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከምስሏ ግርጌ ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ኤስ እና ኤፍ፣ ጉንዝቡርግ የነበረው የሳንቲም መቅረጫ ኃላፊዎች የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። ጉንዝቡርግ ያን ጊዜ በኦስትሪያ ሥር ነበረች፤ ዛሬ የጀርመን ግዛት በሆነችው በባቫሪያ ውስጥ ናት። «የጀርመን ብር» መባሉ እስከዚህ ድረስ እውነት አለው።

ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ግን የቀይ ባሕርና የኢትዮጵያ ነጋዴ ሌላ መልክ ያለው ብር አልቀበል አለ። ሰው የዘውዷንና የትከሻዋን ጌጥ ዕንቁ እየቆጠረ፣ ድምፁን ድንጋይ ላይ እያዳመጠ ነበር የሚቀበለው። ስለዚህ ዓመቱ ሳይለወጥ ቪየና፣ ሚላን፣ ቬኒስ፣ ኋላም ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃም ያንኑ 1780 ደጋግመው ቀረጹ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ በ1935 (እ.ኤ.አ.) ቅርጹን ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ ማስቀረጽ ጀመረ። ሳጥናችን ውስጥ የምናስቀምጠው «የ1780» ብር የወራሪው ስንቅ ሆኖ የመጣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቪየና ዛሬም ታወጣዋለች። እንደገና ሊሠራ የሚችል ዕቃ አቅርቦቱ ስለማይደርቅ ዋጋው ከብሩ ብዙ ርቆ አይሄድም። ሚሊዮኑ የቀረው እዚህ ላይ ነው።

የነጋዴው ግምት ደግሞ ከታች በኩል ይጎዳል። ያልተሸረፈና ያልሳሳ ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 83.3 በመቶው፣ ማለትም 23.39 ግራሙ፣ ንጹሕ ብር ነው። በዓለም ገበያ ብር በአውንስ ስለሚሸጥ የዕለቱን የአውንስ ዋጋ በ0.752 ማባዛት ነው። የሚገኘው የመነሻ ዋጋ ነው፤ እሱም ይዋዥቃል። በ1980 (እ.ኤ.አ.) አንድ አውንስ 50 ዶላር ሊነካ ደርሶ በ2001 ወደ 4 ዶላር ወርዶ ነበር። አንጥረኛ ለሥራውና ለትርፉ ከመነሻው ቢቀንስ አይገርምም፤ ያለ ሚዛን የሚገዛን ግን አልደግፍም።

ከመነሻው በላይ የሚከፍለው ሰብሳቢ ነው። እሱ የንስሩን የጭራ ላባና የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ በአጉሊ መነጽር እያየ የትኛው ከተማ እንደቀረጸው ይለያል፤ በንግሥቲቱ ዘመን ጉንዝቡርግ የወጣ ከተገኘ ዋጋው ሌላ ነው። ከአክስቴ አምስቱ ሁለቱ ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ ተበይዶባቸዋል፤ ለሰብሳቢ ይህ ጉዳት ነው። አንዱን ደግሞ ለበዓል በሎሚና በአመድ አሽተው አብርተውታል፤ በዓመታት የመጣው ጠቆር ያለ ቀለም አብሮ ሄዷል። እባካችሁ አትሹት! ጠርዙ ላይ የላቲን ጽሑፍ ከሌለው ወይም ማግኔት ከሳበው ግን ሐሰተኛ ነው።

አምስተኛውን ሳገላብጥ ልቤ ዘለለ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነበር። ፓሪስ ከ1894 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቀረጸው ይህ ብር ክብደቱ ከጠገራ ጋር የተካከለ ሲሆን፣ የለመደው ሕዝብ ጠገራን ስለመረጠ እምብዛም አልተስፋፋም። ቁጥሩ ማነሱ ዛሬ ተፈላጊ አድርጎታል፤ ሰብሳቢ አንበሳው የትኛውን እግር እንዳነሳ ሳይቀር ይመረምራል። ሆኖም የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጁ (209/1992) የብር ሳንቲሞችን ከቅርስ ስለሚቆጥር፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ሕግ መጣስ ነው።

  

«ከየት አገኟቸው?» ብዬ አክስቴን ጠየቅኋቸው። አባታቸው በ1933 ዓ.ም. ንጉሡ በጎጃም በኩል ሲመለሱ ለሠራዊቱ በቅሎ ሸጠው እንደሆነ ነገሩኝ። እንግሊዞች በዚያ ዘመቻ ለአርበኛውና ለጓዝ ከብቱ የከፈሉት በጠገራ ነበር፤ ቦምቤይም በ1940 እና በ1941 (እ.ኤ.አ.) የቀረጸው ለዚያው ጦርነት ፍላጎት ነው። ታሪኩን በወረቀት ጽፌ አስፈረምኳቸው፤ ሰብሳቢ የሳንቲሙን አመጣጥ ይፈልጋልና። ወረቀቱን አራት አጥፈው ከምኒልኩ ብር ጋር መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። ማንጠልጠያ ያለባቸውን ሁለቱን ለልጅ ልጃቸው ሠርግ አስቀመጡ፤ የተቀሩትን ሁለቱን በሚቀጥለው የገበያ ቀን አስመዝነው ለመሸጥ ቆርጠዋል።