የጌም ኮምፒውተር ሲያረጅ፦ የሚቀረውና የሚሻገረው

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያዋ አማን ከተማ ሆኖ ከአዲስ አበባ ግራፊክስ ካርድ የሚያዝ ሰው ዕቃው እጁ እስኪገባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይጠብቃል። መጥቶ አልገጥም ካለ ደግሞ ያንኑ መንገድ ተመልሶ ይሄዳል፤ የትራንስፖርቱም ብር በከንቱ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ አካባቢ አሮጌ ኮምፒውተር ለጌም ማደስ የሚጀምረው ኬዙን ከፍቶ ውስጡን በማንበብ ነው፤ ግዢው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010ን ለምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2012 ለቢሮ ሥራ ተብሎ የወጣ ማሽን ነው፤ ውጭ አገር አገልግለው ወደ እኛ ገበያ ከሚገቡት ኮምፒውተሮችም አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ በውስጡ የሚገኘው ባለ አራት ኮሩ ኢንቴል ኮር አይ5 3470 ፕሮሰሰር ነው። ጂቲኤ 5 በ2015 ለኮምፒውተር ሲወጣ፣ ጌሙን በደንብ ለመጫወት ይመረጣሉ ተብለው ከተዘረዘሩት ፕሮሰሰሮች አንዱ ራሱ ይኸው 3470 ነበር፤ ከጎኑም 8 ጊጋባይት ራም። እንግዲህ የቢሮ ማሽን ተብሎ የተናቀው ኮምፒውተር ለብዙ ጌሞች የጎደለው ፕሮሰሰር ሳይሆን ግራፊክስ ካርድ ነው።

ዕቃዎቹን ለሁለት ከፍሎ ማየት ወጪውን ያቀላል። ፕሮሰሰርና ራም ከማዘርቦርዱ ጋር የታሰሩ ናቸው፤ ማሽኑ ሲቀየር ከእሱው ጋር ይቀራሉ። የ7010 ማዘርቦርድ የሚቀበለው የኢንቴል ሁለተኛና ሦስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ብቻ ነው፤ ራሙም ዲዲአር3 ነው። ዲዲአር4 ራም አጠገቡ ቢያስቀምጡት ከታች ያለው ጥርብ ቦታው ይለያል፤ ቢገፉትም አይገባም። ኤስኤስዲ፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ሞኒተርና ኪቦርድ ግን ነገ ሌላ ማሽን ቢገዛ ከባለቤታቸው ጋር ይሻገራሉ።

ከሚሻገሩት ሁሉ ቀድሞ መገዛት ያለበት ኤስኤስዲ ነው። የድሮው ሃርድ ዲስክ እየተሽከረከረ የሚያነብ ስለሆነ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ቢሰጥ ነው፤ በሳታ ገመድ የሚሠራ ኤስኤስዲ ግን 500 አካባቢ ይደርሳል። ዊንዶውሱና የሚዘወተረው ጌም ኤስኤስዲው ላይ ይጫናሉ። አሮጌው ዲስክ ጤነኛ ከሆነ አይጣልም፤ ለፊልም፣ ለፎቶና ለመጠባበቂያ ቅጂ ይሆናል።

ራሙ 4 ጊጋባይት ከሆነ ወደ 8 ማድረስ ግድ ነው። እዚህ ላይ ያገለገለ ዲዲአር3 መግዛት አያሳፍርም፤ ለሚቀር ዕቃ ብዙ ብር አይወጣም። ከአንድ ባለ 8 ይልቅ ሁለት ባለ 4 ቢሰካ ይመረጣል፤ ማዘርቦርዱ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ ፍጥነት ይጨምራል።

ግራፊክስ ካርድ ሲመረጥ ዓይን መጀመሪያ ማረፍ ያለበት ፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። የትልቁ ኬዝ 7010 ፓወር ሰፕላይ 275 ዋት ነው፤ ለካርድ ተብሎ የተዘጋጀ ተጨማሪ ገመድም የለውም። ካርዱ የሚሰካበት ማስገቢያ ራሱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በዚሁ 75 ዋት ውስጥ እንዲሠራ የተሠራ ሲሆን 4 ጊጋባይት የራሱ ሜሞሪ አለው። ሆኖም አንዳንድ አምራቾች ተጨማሪ ገመድ የሚፈልግ አድርገው ስላወጡት፣ ከማዘዝ በፊት የካርዱን ጫፍ ፎቶ ማስላክ ይበጃል። ኬዙ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ደግሞ አጭሩ ካርድ ካልሆነ አይገባም። ከዚህ የበረታ ካርድ የሚፈልግ ሰው ፓወር ሰፕላዩን መቀየር አለበት፤ የትልቁ ኬዝ 7010 የተለመደውን ባለ 24 ፒን ስለሚቀበል አዲሱ ፓወር ሰፕላይም ከሚሻገሩት ይቆጠራል። ቀጥሎ የወጣው 9020 ግን ባለ 8 ፒን ስለሆነ ያለ አዳፕተር አይሆንም።

ያለ ብዙ ወጪ የሚሠራ ሥራም አለ። ዝናብ በማያጣው በዚህ የቡና አገር እርጥበቱ የራሙን ወርቃማ ጥርሶች ያደበዝዛል። ማሽኑ በርቶ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ሲቀር ባለሙያው መጀመሪያ ራሙን ነቅሎ ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ አድርጎ ያሻል፤ ፍርፋሪውን ጠርጎ መልሶ ይሰካል። ብዙ ጊዜ ይኸው ይበቃል። ጌም ሲከፈት ማራገቢያው የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቴርማል ፔስት ደርቋል ማለት ሊሆን ይችላል። አሮጌው በአልኮልና በጥጥ ተጠርጎ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ መሃሉ ላይ ይደረጋል። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ የሚዛባ ከሆነ ያለቀው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክቧ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። ፓወር ሰፕላዩን ግን ማንም በቤቱ አይፍታ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኃይል ይዞ ይቆያል።

መብራቱን ራሱንም መርሳት አይገባም። ብዙ ጊዜ ዕቃ የሚያቃጥለው መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ብሎ የሚገባው ኃይል ነው። ጥሩ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ የማሽኑን ፍጥነት አይጨምርም፤ ነገር ግን የተገዛውን ካርድ ያቆያል። እሱ እስኪገዛ ድረስ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀል፣ ተመልሶ ሲመጣም እስኪረጋ ጥቂት መጠበቅ ነው።

እድሳቱ ግን ወሰን አለው። ዊንዶውስ 11 እንዲህ ያለውን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም፤ ዊንዶውስ 10ም መደበኛ የደህንነት ማሻሻያው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ሊኑክስ ላይ በስቲም በኩል ብዙ ጌሞች ይሠራሉ፤ ሆኖም አንዳንድ በኢንተርኔት የሚጫወቷቸው እምቢ ይላሉ። አዳዲሶቹ ጌሞችም ከአራት ኮር በላይ እየጠየቁ ነው። ካርዱ ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ሲሞላ ከታየ፣ እዚያ ማሽን ላይ ከዚያ በኋላ የሚጨመር ብር ለውጥ አያመጣም። ያኔ የሚገዛው ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰርና ራም፣ ምናልባትም ኬዝ ነው፤ ከተቻለም ማዘርቦርዱ የፋብሪካውን ኬዝ የማይጠይቅ መደበኛ ዓይነት ይሁን። ለሚቀረው ርካሹን፣ ለሚሻገረው ደህናውን ሲገዛ የኖረ ሰው ያን ቀን ከዜሮ አይጀምርም።