ደረሰኝ የማይሰጥ ታክሲ፣ ምስጢር የማይጠብቅ ካርድ

ከቁሓ መቀሌ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህች አጭር መንገድ ግን ለሒሳብ መዝገብ ከአዲስ አበባው በረራ የበለጠ ታስቸግራለች። ከአሉላ አባ ነጋ የሚነሳ መንገደኛ ስሙና ቁጥሩ የተጻፈበት ትኬት ይይዛል፤ የአገር አቋራጭ አውቶቡስም ትኬት ይቆርጣል። ሚኒባሱና ባጃጁ ግን ገንዘቡን በእጅ ተቀብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ረዳቱን "ደረሰኝ ስጠኝ" ቢሉት ይስቃል። በወሩ መጨረሻ ሒሳብ ሹሙ አይስቅም።

ጉዳዩ የሳንቲም ጉዳይ ይመስላል። እስቲ እናስላው። ለምሳሌ ያህል አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ከደንበኛ ደንበኛ ሲዘዋወር በቀን 100 ብር ለታክሲ ቢያወጣ፣ በ26 የሥራ ቀናት 2,600 ብር ይሆናል። እንዲህ ያሉ አምስት ሠራተኞች ያሉት ኩባንያ በዓመት 156,000 ብር ያወጣል ማለት ነው። ኦዲተሩ "ሰነድ የለውም" ብሎ ወጪውን ቢሰርዝ፣ ኩባንያው በ30 በመቶው የንግድ ትርፍ ግብር ስሌት 46,800 ብር ተጨማሪ ይከፍላል፤ ለዚያውም ቅጣትና ወለዱ ሳይቆጠር። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ግን እንዳልወጣ ተቆጥሮ ግብር ተከፈለበት።

ሕጉ ምን ይላል? የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገቢውን ለማግኘት አስፈላጊ የሆነ ወጪ እንዲቀነስ ይፈቅዳል፤ ለግል ፍጆታ የዋለውን ግን ይከለክላል። ደንበኛ ጋ ለመሄድ የተከፈለ የታክሲ ሒሳብ ከመጀመሪያው ወገን ነው። የሱቁ ባለቤት ጠዋት ከቤቱ ወደ ሱቁ የሚመጣበት ግን ከሁለተኛው ብዙም አይርቅም፤ ደረሰኝ ቢገኝለትም እንኳ ያከራክራል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ደግሞ ግብር ከፋዩን በሁለት ደረጃ ከፍሎታል። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ ግብሩ የሚሰላው ከሽያጩ ላይ ስለሆነ፣ የታክሲ ወረቀት ቢሰበስብ ለራሱ ሒሳብ ይጠቅመው ይሆናል እንጂ ግብሩን አይቀንስለትም። ነገሩ የሚመለከተው መዝገብ የሚይዘውን ነው።

ኩባንያዎች መውጫ አድርገው የያዙት የትራንስፖርት አበል ነው። አበል በቁርጥ የሚከፈል ስለሆነ በየጉዞው ትኬት አይጠየቅበትም፤ በመመሪያ ከተወሰነው ጣሪያ ያለፈው ግን ደመወዝ ላይ ተደምሮ ግብር ይቆረጥበታል። ሌላው መንገድ የወጪ ማዘዣ መሙላት ነው። ቀኑ፣ ከየት ወዴት እንደተሄደ፣ ለምን ጉዳይ፣ ስንት እንደተከፈለ፣ የተሽከርካሪው ሰሌዳ ቁጥርና የሠራተኛው ፊርማ ይሰፍርበታል። ይህ የድርጅቱን የውስጥ ቁጥጥር ያረካል። የገቢዎችን ሰው ያረካል ብሎ ዋስትና የሚሰጥ ግን የለም።

እንግዲህ ብዙ ሰው "በስልክ ብንከፍል ይሻላል" የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የትራንስፖርቱ ዓለም ቀስ በቀስ ወደዚያው እየገባ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ለሕዝብ ትራንስፖርት ተሽከርካሪዎች የተፈቀደው የነዳጅ ድጎማ በቴሌብር በኩል እንዲሰጥ ተደረገ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ታዘዘ። ባለመኪናው ነዳጁን በስልክ ይከፍላል፤ ተሳፋሪውን ግን በጥሬው ያስከፍላል። ባለባጃጁ በስልክ ቢቀበል እንኳ የሚደርስዎት መልእክት ገንዘብ ለእገሌ እንዳስተላለፉ የሚገልጽ ነው። የታክሲ ሒሳብ ይሁን የተበደሩትን መመለስዎ ይሁን አይለይም። በዚያ ላይ ስምዎ ለሾፌሩ፣ የሾፌሩም ስም ለእርስዎና ለሒሳብ ክፍልዎ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈታል የሚባለው የጉዞ ካርድ ነው። ገንዘብ ይሞላበታል፣ አውቶቡሱ በር ላይ ካለው መሣሪያ ጋር ይነካካል፣ ሒሳቡ ይቀነሳል። በኪጋሊ "ታፕ ኤንድ ጎ" የተባለው ካርድ እ.ኤ.አ. ከ2015 ገደማ ጀምሮ የከተማ አውቶቡስ መሳፈሪያ ሆኗል። በናይሮቢ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ማታቱዎችን ከጥሬ ገንዘብ ለማላቀቅ የተሞከረው አልተሳካም፤ ጉግልና ኢኩዊቲ ባንክ ያቀረቡት "ቤባፔይ" የተሰኘው ካርድም በ2015 ቆመ። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም አንዱን መገመት አያቅትም። በካርድ የተከፈለን የቀን ገቢ የመኪናው ባለቤት ቤቱ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ሾፌርና ረዳት ይህን አይወዱትም።

የለንደኑ ኦይስተር ካርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀመረ። በስሙ ያስመዘገበ ሰው የጉዞውን ዝርዝር አውጥቶ ለመሥሪያ ቤቱ ያቀርባል፤ የትኛው ጣቢያ በስንት ሰዓት እንደገባና እንደወጣ፣ ስንት እንደተቆረጠበት ሁሉ ይታያል። የከተማው የትራንስፖርት ድርጅት ይህን ዝርዝር ከካርዱ ጋር አያይዞ የሚያቆየው 8 ሳምንት ነው። ለሒሳብ ሹም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ችግሩ ዝርዝሩ ለይቶ አለማውጣቱ ነው። የማክሰኞው የሥራ ጉዞና የእሑዱ የግል ጉዞ በአንድ ገጽ ላይ ይወርዳሉ። የሦስት ጉዞ ሒሳብ ለማወራረድ የወሩን ሕይወት ለአለቃ ማስነበብ ይሆናል።

ዝርዝሩን የያዘው ድርጅትስ ምን ያደርግበታል? የሆንግ ኮንጉ ኦክቶፐስ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሚሠራና የተመሰገነ ካርድ ነበር። በ2010 ግን ድርጅቱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞችን የግል መረጃ ለንግድ ሸሪኮቹ አሳልፎ 44 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ማግኘቱ ታወቀ፤ ዋና ሥራ አስኪያጇም ከኃላፊነት ወረዱ። በ2013 የጃፓን ምሥራቅ ባቡር ድርጅት የ"ሱይካ" ካርድ ተጠቃሚዎችን የጉዞ መረጃ ለሂታቺ መሸጡ ቁጣ አስነሳ። በኒውዮርክ ደግሞ በ2023 የአንድን ሰው የባንክ ካርድ ቁጥርና ካርዱ የሚያበቃበትን ቀን ያወቀ ሁሉ የባለካርዱን የ7 ቀን ጉዞ በድረ ገጽ ማየት ይችል እንደነበር ተጋልጦ አገልግሎቱ ተዘጋ። የካርድ ቁጥርን ደግሞ የትዳር ጓደኛም፣ ጸሐፊም፣ ሸሪክም ሊያውቀው ይችላል።

"እኔ ምን የምደብቀው አለኝ?" የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ደላላን ይጠይቁ። የደላላ ሀብቱ ማን ሊሸጥ እንዳሰበ ከሌላው ቀድሞ ማወቁ ነው። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ወደ አንድ ሠፈር የተመላለሰበት ዝርዝር ተፎካካሪው እጅ ቢገባ፣ ቤቱ ለገበያ ሳይወጣ ዋጋው ይወጣል። የመቀሌ ነጋዴ ደግሞ የመረጃን ነገር ከሌላው ይበልጥ ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ባሉ የባንክ ቅርንጫፎች የተከፈቱ ሒሳቦች ሲታገዱ፣ መለያው ሒሳቡ የት ተከፈተ የሚለው ነበር። ለሥራ ማመቻቻ የተመዘገበች አንዲት ቃል ሌላ ሥራ ሠራች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ስልክና ባንክ ሲቋረጡ ደግሞ ንግዱ በጥሬ ገንዘብ ብቻ ቆየ፤ ስለዚህ በቁሓ ገበያ ሰው ጥሬውን ሙሉ በሙሉ ለመልቀቅ ቢያመነታ አይፈረድበትም።

አሁን ሕግ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዛል፤ ባለመረጃውም ስለራሱ የተያዘውን የማየት መብት አለው። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይሁንና አዋጁ ገቢዎች ለምርመራ የሚጠይቀውን መረጃ የሚያግድ ጋሻ አይደለም። በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ደግሞ አብዛኛው ነገር የሚወሰነው ሠራተኛው ወረቀቱን ሲያስረክብ ባለመጠየቁ ነው።

ለማወራረድ የሚያስፈልገው ቀኑ፣ መጠኑና የሥራው ጉዳይ ነው። አሠሪ ከዚህ በላይ የሚጠይቅበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የለውም። የወር ዝርዝር የሚያቀርብ ሠራተኛ የግሉን መስመር በቀለም ሰርዞ ቢያቀርብ ነውር የለውም፤ ድርጅቱም ይህን በጽሑፍ ቢፈቅድ ጭቅጭቅ ይቀንሳል። በስልክ የሚከፍል ነጋዴ ለሥራው የተለየ ቁጥርና ሒሳብ ቢይዝ፣ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያና የጫት ሒሳቡን ከኦዲተር ዓይን ያወጣል። ደላላ ደግሞ በወጪ ማዘዣው ላይ የደንበኛውን ስም ከሚጽፍ የፋይል ቁጥር ቢያሰፍር፣ ስሙን የያዘውን ደብተር ለብቻው ቆልፎ ማስቀመጥ ይችላል። ኦዲተሩ ካልጠየቀው በቀር ደብተሩ ከመሳቢያው አይወጣም።