ቫይታሚን ኤ ተሸካሚ ሲያጣ፦ ጉበታችንና አጥንታችን

ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ዳፍንት እንደሚያመጣ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ሲበዛስ?

ቫይታሚን ኤ የሚሟሟው በስብ እንጂ በውኃ አይደለም። ስለዚህ ደም ውስጥ ብቻውን አይሄድም። አብዛኛው ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ሰውነት ሲፈልገው ጉበት ተሸካሚ ፕሮቲን ይሠራና አሸክሞ ይልከዋል። ሴል ውስጥ ሲገባ ደግሞ፣ በጉበትም ሆነ በአጥንት፣ ሌላ ፕሮቲን ተቀብሎ በልክ ይይዘዋል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በክኒን ለረጅም ጊዜ ከልክ በላይ ከወሰድን የጉበት ጎተራ ይሞላል፤ ትርፉ ያለ ተሸካሚው በደም ይዞራል። ያኔ ጉበትን ይጎዳል። አሮጌ አጥንት የሚያፈርሱትን ሴሎችም ያነቃቃል፣ አጥንት ይሳሳል። ነፍሰ ጡሮች በተለይ ተጠንቀቁ፤ በቀን ከ10,000 ዩኒት በላይ በክኒን መውሰድ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ካሮትና ጎመን ግን አያስፈሩም፤ ሰውነት ከእነሱ የሚቀይረው የሚያስፈልገውን ያህል ነው። ክኒን የምትወስዱ ካላችሁ «ቫይታሚን ምን ይጎዳል» አትበሉ። ጠርሙሱን ይዛችሁ በኩፓት ሆሊም ለሐኪማችሁ አሳዩ።