ቀለሙ ይለቃል?

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ወይም ነጠላ የሚገዛ ሰው ጥለቱን አይቶ ከወደደ በኋላ የሚያነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ቀለሙ ይለቃል?» ባለሱቁም «ኧረ በፍጹም!» ይላል። ጠንቃቃ ገዥ ግን በቃል ብቻ አትረካም። የጣቷን ጫፍ አርጥባ ጥለቱን ፈተግ ፈተግ ታደርግና ጣቷን ትመለከታለች። ነጭ ሸማ ላይ የፈሰሰ ቀይ ቀለም ለማስለቀቅ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ እውነት አላት።

የጨርቃ ጨርቅ ላቦራቶሪዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በመሣሪያ መሆኑ ነው። ጫፉ በነጭ የጥጥ ጨርቅ የተሸፈነ ዘንግ ቀለም የገባውን ጨርቅ በተወሰነ ክብደት ተጭኖ ወደፊትና ወደኋላ 10 ጊዜ ያሸዋል፤ አንዴ በደረቁ፣ አንዴ በእርጥቡ። ለእጥበት ፈተና ደግሞ ከናሙናው ጋር ነጭ ጥብጣብ ይሰፋል። ጥብጣቡ ላይ ስድስት ዓይነት ክር በየመስመሩ ተሸምኗል፤ አሲቴት፣ ጥጥ፣ ናይለን፣ ፖሊስተር፣ አክሪሊክና ሱፍ። ናሙናውና ጥብጣቡ አብረው በሳሙና ውሃ ይታጠባሉ። ከዚያ ጥብጣቡ ይታያል። የጥጡ መስመር ቀልቶ የፖሊስተሩ መስመር ነጭ እንደሆነ ሊቀር ይችላል፤ ሌላ ቀለም ሲፈተን ደግሞ ናይለኑ ብቻ ተነክሮ ይገኛል። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 በሆነ መለኪያ ይሰጣል፤ 5 ያገኘ ነጩን ጨርቅ ምንም አልነካውም ማለት ነው።

ይህ ጥብጣብ የማቅለምን ሥራ ዋና ነገር ያሳያል። ቀለም ክር ይመርጣል። ጥጥ ሴሉሎስ ነው፣ ሱፍና ሐር ፕሮቲን ናቸው፣ ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ፕላስቲክ ነው። አንዱን የሚይዝ ቀለም ከሌላው ላይ በአንድ እጥበት ይሄዳል። ባለፉት 170 ዓመታት ገደማ የቀለም ኬሚስቶች የደከሙት አዲስ መልክ ለማግኘት ብቻ አልነበረም፤ ቀለሙ ከክሩ ጋር እንዲጸና ለማድረግም ነበር።

ከዚያ በፊት ቀለም የሚገኘው ከዕፅዋት ሥርና ቅጠል፣ ከነፍሳትና ከባሕር ቀንድ አውጣ ነበር። ብዙዎቹ በራሳቸው ከክር ጋር ስለማይጣበቁ ጨርቁ አስቀድሞ እንደ አልም ባለ የብረታ ብረት ጨው ይዘፈዘፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1856 ግን ለንደን ውስጥ የ18 ዓመቱ ተማሪ ዊልያም ፐርኪን በፋሲካ ዕረፍቱ፣ ቤቱ ባደራጃት ላቦራቶሪ፣ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን በሚገኝ ኬሚካል የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር ጥቁር ዝቃጭ ብቻ አገኘ። ዝቃጩን በአልኮል ሲያሟሟው ወይን ጠጅ ሆነ፤ ሐርም በሚገባ ያዘው። በዓመቱ ፋብሪካ ከፈተ። የዛሬው የቀለም ኢንዱስትሪ የሚነሳው ከዚያ ነው፤ ከኬሚካል ኢንዱስትሪውም ብዙው ክፍል እንዲሁ።

የፐርኪን ቀለም ከጥጥ ጋር ግን ያለ ረዳት አይስማማም ነበር። ጥጥን ያለ ምንም መያዣ በቀጥታ ያቀለመው የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ቀለም እ.ኤ.አ. በ1884 ጀርመን ውስጥ የተገኘው «ኮንጎ ሬድ» ነው። የዚህ ቤተሰብ ቀለሞች ዳይሬክት ይባላሉ። ሞለኪውላቸው ረጅምና ጠፍጣፋ ስለሆነ በሴሉሎሱ ሰንሰለት ላይ ተኝቶ ይቀራል። የያዘው ግን ደካማ መሳሳብ ብቻ ነው። ጨርቁ ውሃ ውስጥ በገባ ቁጥር ጥቂት ጥቂቱ ይለቃል። ርካሽና ለአጠቃቀም ቀላል በመሆናቸው እስከ ዛሬ አሉ፤ ለሚታጠብ ልብስ ግን አልመክራቸውም።

ሌላ 72 ዓመት ወሰደ። የእንግሊዙ አይሲአይ ኩባንያ ኬሚስቶች ኢያን ራቲና ዊልያም ስቲቨን ቀለሙ በክሩ ላይ ከመተኛት አልፎ የክሩ አካል እንዲሆን አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1956 ፕሮሲየን በሚል ስም ለገበያ የቀረበው ሪአክቲቭ ቀለም አልካሊ ባለበት ውሃ ውስጥ ከሴሉሎሱ ጋር እውነተኛ ኬሚካዊ ትስስር ይፈጥራል። ዛሬ ደማቅ የጥጥ ቲሸርት፣ አንሶላ ወይም ፎጣ ብታነሱ በሪአክቲቭ የቀለመ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ይህን ሥራ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ የዘመናዊው ማቅለም ብርታትም ችግርም እዚህ ስላለ።

ከሹራብ መኪና የወጣ የጥጥ ጨርቅ በተፈጥሮ ሰም ስለተለበጠ ውሃ እንኳ አይጠጣም። ስለዚህ መጀመሪያ በአልካሊ ይቀቀላል፣ በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይነጣል፣ ይታጠባል። ከዚያ ወደ ማቅለሚያ መኪናው ይገባል። ለአንድ ኪሎ ጨርቅ ከ6 እስከ 10 ሊትር ውሃ ይሞላና ቀለሙ ይጨመራል። ቀጥሎ ጨው ይገባል፤ ለደማቅ መልክ በአንድ ሊትር ከ50 እስከ 80 ግራም፣ ይህም ከባሕር ውሃ የሚበልጥ ጨዋማነት ነው። ይህን ያህል ጨው ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው። ጥጥም ቀለሙም ውሃ ውስጥ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ጨው መገፋፋቱን አብርዶ ቀለሙን ወደ ክሩ ይነዳዋል። ቀለሙ ወደ ክሩ ከገባ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ፣ አልካሊ የሆነው ሶዳ አሽ ይጨመራል። ትስስሩ የሚፈጸመው ያኔ ነው።

እክሉ ደግሞ እዚህ ይመጣል። ከጥጡ ጋር መተሳሰር የሚችለው ቀለም ከውሃውም ጋር መተሳሰር ይችላል። እንደ ቀለሙ ዓይነት ከገባው ውስጥ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ከውሃው ጋር ተጣምሮ ይበላሻል። የተበላሸው ቀለም ከዚህ በኋላ ጥጥን መያዝ አይችልም፤ ነገር ግን ከጨርቁ ወዲያው አይለይም፣ እንደ ዳይሬክት ቀለም በደካማ መሳሳብ ተጠግቶ ይቆያል። ስለዚህ ጨርቁ ደጋግሞ ይለቀለቃል፣ ለመፍላት በተቃረበ የሳሙና ውሃ ይታጠባል፣ እንደገና ይለቀለቃል። ሁሉም ሲደመር ለአንድ ኪሎ ጨርቅ ከ70 እስከ 150 ሊትር ውሃ መፍጀት የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ገዥዋ ጥያቄ እንመለስ። በሪአክቲቭ የቀለመ ጥጥ ሲለቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚለቀው ያልተጣበቀውና በወጉ ያልታጠበው ትርፍ ቀለም ነው። የመጨረሻው እጥበት ውሃ፣ እንፋሎትና ሰዓት ይበላል፤ ወጪ ለመቀነስ የፈለገ ፋብሪካ አስቀድሞ የሚያሳጥረው እሱኑ ነው። መደርደሪያ ላይ ያለ ጨርቅ በደንብ መታጠቡ አለመታጠቡ በዓይን ስለማይለይ ጉድለቱ የሚታወቀው ገዥው ቤት፣ በሳፋው ውስጥ ነው። ይህ የቴክኖሎጂ ድክመት አይደለም፤ በገዥው ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

በየቤቱ አዲስ ልብስን በጨውና በኮምጣጤ ውሃ መዘፍዘፍ የተለመደ ነው። ጨው ቀለሙ እንዳይወጣ ለጊዜው ያዘገየዋል እንጂ አያስረውም፤ ጨው በሌለው ውሃ ሲታጠብ ይለቃል። ኮምጣጤ የሚስማማው ለሱፍ፣ ለሐርና ለናይለን የሚውሉት አሲድ ቀለሞች ላይ ነው፤ ለጥጥ ብዙም አይረዳም። የሚሻለው ተቃራኒው ነው። አዲሱን ጥጥ ለብቻው፣ ጨርቁ በሚችለው ያህል ሞቅ ባለ ውሃ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ደጋግሞ ማጠብና ትርፉን ማስወጣት። እርጥቡን አጣጥፎ አለማሳደርም ይጠቅማል፤ ቀለም ከአንዱ እጥፋት ወደ ሌላው የሚሻገረው እንዲያ ሲያድር ነው።

ጂንስ ከዚህ ሁሉ የተለየ መንገድ አለው። የጂንስ ሰማያዊ ኢንዲጎ ነው፤ ኢንዲጎ ደግሞ በውሃ አይሟሟም። ስለዚህ ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይት በተባለ ኬሚካልና በአልካሊ ወደሚሟሟ ዓይነት ይለወጣል፤ ሲለወጥ ሰማያዊነቱን ያጣል። በዚህ የተነከረው ክር ከገንዳው ሲወጣ ቢጫ አረንጓዴ ነው። ከሮለር ወደ ሮለር እያለ ወደ ላይ ሲጓዝ አየር ያገኘዋል፤ አረንጓዴው በዓይን እየታየ ይጠፋና ሰማያዊው ይወጣል። ኢንዲጎው ከአየሩ ኦክስጅን አግኝቶ እንደገና የማይሟሟ ሆኗል፤ ክሩ ውስጥ እንዳለም ተይዟል። ክሩ ተመልሶ ይነከራል፣ ተመልሶ አየር ይወስዳል፤ ጥልቅ ሰማያዊ እስኪሆን ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ንክሪቱ አጭር ስለሆነ ቀለሙ የክሩን ቆዳ እንጂ እምብርቱን አይደርስበትም። ጂንስ ጉልበቱ ላይ ሲነጣ የምናየው ውስጡ የቀረውን ነጭ ጥጥ ነው።

ኢንዲጎን በላቦራቶሪ ለመሥራት መንገዱን የከፈተው ጀርመናዊው አዶልፍ ፎን ባየር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 ኖቤል ተሸልሟል። ቢኤኤስኤፍ የተባለው ኩባንያ ሰው ሠራሹን ኢንዲጎ ለገበያ ያወጣው ግን በ1897 ነበር፤ ለምርምሩ 18 ሚሊዮን የወርቅ ማርክ እንዳወጣ ይነገራል። የዚህ ጦስ ሕንድ ድረስ ተሰማ። የኢንዲጎ ዋጋ ሲወድቅ በቢሃር የነበሩት የእርሻ ጌቶች ኪሳራቸውን በጭሰኞቻቸው ላይ ጫኑ፤ ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1917 እዚያው ቢሃር ወዳለችው ቻምፓራን የሄዱት የእነዚያን ገበሬዎች አቤቱታ ሰምተው ነው።

ፖሊስተር ኬሚካዊ ትስስር አይፈልግም። በጣም የደቀቀ፣ ውሃ ውስጥ ተበትኖ የሚንሳፈፍ ዲስፐርስ የተባለ ቀለም ይሰጠዋል። በታፈነ መኪና ውስጥ ሙቀቱ 130 ዲግሪ ሲደርስ የክሩ ሞለኪውሎች ላላ ይላሉ፣ ቀለሙ ዘልቆ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ይቀራል። ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጨርቅ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ቀለምና ሁለት ዙር ሥራ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀለሙ በሚገባ ቢይዝም ጉዳት ላያጣው ይችላል። አንዳንድ አዞ የተባሉ ቀለሞች ሲፈራርሱ ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ስለሚወጣቸው ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ከዚያም የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያ፣ ከሰውነት ጋር በሚነካካ ልብስ ላይ ከልክለዋቸዋል።

ትልቁ ጥያቄ ግን ያልያዘው ቀለምና ያ ሁሉ ጨው የት ይሄዳል የሚለው ነው። መልሱን በደቡብ ሕንድ የምትገኘው ቲሩፑር ከተማ በመራራ ተሞክሮ አግኝታዋለች። ቲሩፑር የጥጥ ሹራብ ከተማ ናት፤ ማቅለሚያዎቿ ለዓመታት ፍሳሻቸውን ወደ ኖያል ወንዝ ለቀዋል። ቀለሙን በተለመደው ማጣሪያ መቀነስ ይቻላል፤ የሟሟ ጨው ግን አልፎ ይሄዳል። ከወንዙ በታች ያሉ ገበሬዎች መሬታቸውና የጉድጓድ ውሃቸው ጨው ሆነባቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በጥር 2011 የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማቅለሚያዎቹ እንዲዘጉ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚፈቀድላቸው ፍሳሽ ጨርሶ ከግቢ የማያስወጣ ማጣሪያ ሲኖራቸው ነው።

ይህ አሠራር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሠራ ተመሳሳይ ማጣሪያ ተገጥሞለታል። ሐዋሳ ሐይቅ ውሃው የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ፀሐይ ውሃውን ብታተንም ጨውና ቀለም ግን አይተንኑም፣ የገባው እዚያው ይጠራቀማል። ስለዚህ ፍሳሹ መጀመሪያ በባክቴሪያ ይታከማል፣ ከዚያ በከፍተኛ ግፊት በረቂቅ ወንፊት ይጣራል፣ የቀረው ጨዋማ ውሃ በሙቀት ይተንናል፤ ንጹሑ ውሃ ወደ ፋብሪካ ይመለሳል። መብራትና ገንዘብ በብዛት የሚጠይቅ ነው። ማቅለሚያ በሐይቅ ወይም በወንዝ አጠገብ ለሚተክል ሰው ግን ይህ ወጪ እንደ ሕንፃውና እንደ መኪናው ከመጀመሪያው ሊታሰብ ይገባል እላለሁ።

ከማጣራት አስቀድሞ ቆሻሻውን መቀነስም ይቻላል። ሰሞኑን ብዙ የሚወራለት በውሃ ፋንታ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ማቅለም ነው። ጋዙ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት እንደ ጋዝም እንደ ፈሳሽም ሆኖ ቀለሙን ያሟሟል፤ ሲጨርስ ጋዙ ተሰብስቦ እንደገና ይሠራበታል። ዳይኩ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ መኪናውን ለገበያ አቅርቧል። እስካሁን ግን የሚሠራው በዋናነት ለፖሊስተር ነው፤ መኪናውም ውድ ነው።

ለጥጥ አምራች አገር የበለጠ የምወድደው አዲስ ያልሆነና እምብዛም የማይወራለት ዘዴ አለ፤ በቅዝቃዜ ማቅለም። ጨርቁ ወፍራም ቀለምና አልካሊ ባለበት አነስተኛ ገንዳ ውስጥ ያልፋል፣ በሁለት የጎማ ሮለሮች መሃል ይጨመቃል፣ ይጠቀለላል፣ በፕላስቲክ ይሸፈናል። ከዚያ በክፍሉ ሙቀት፣ በቀስታ እየተሽከረከረ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ጨው አያስፈልገውም፣ እንፋሎት አያስፈልገውም፣ ውሃው ጥቂት ስለሆነ የሚበላሸው ቀለምም ይቀንሳል። ሠራተኛው በጥንቃቄ መጠበቅ ያለበት የጭምቀቱን እኩልነትና የክፍሉን ሙቀት ነው፤ ሮለሩ በአንድ ወገን ቢላላ ጨርቁ ግራና ቀኙ የተለያየ መልክ ይዞ ይወጣል። ጥቅሉ ሲፈታ ደግሞ ያልያዘው ቀለም እስኪያልቅ በሙቅ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ይህን ደረጃ ማሳጠር አይፈቀድም።