የማሾ መብራትና የድንኳን አየር

ከከተማ ወጥቶ በድንኳን የሚያድር ሰው ከስንቁና ከመኝታው ቀጥሎ የሚያስበው ስለ መብራቱ ነው። ጥር 10 ቀን በከተራ ሌሊት ታቦታቱ በሚያድሩበት ሜዳ፥ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋራ አገር ለማየት በሚወጡበት ጒዞ፥ መሬት ቀያሾች በሚሰፍሩበት በረሓ፥ ማሾ ለብዙ ዘመን የሌሊት ጓደኛ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ በባትሪ የሚበሩ መብራቶች ቢበዙም፥ ማሾና በጋዝ ቆርቆሮ የሚሠራው ፋኖስ ከጒዞ ዕቃዎች መካከል ገና አልጠፉም። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ስለ አያያዛቸው፥ ይልቁንም በድንኳን ውስጥ ስለሚያመጡት አደጋ፥ ለክቡራን መምህራንና ለአንባቢዎቻችን ሁሉ ልናስረዳ ወደናል።

የማሾ አሠራር

አንድን መሣሪያ በደኅና ለመያዝ አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ይገባል። በተራው ፋኖስ ላምባው በክር እየተሳበ ይነዳል። በማሾ ግን በፓምፕ የገባው አየር ላምባውን ተጭኖ በቀጭን ቧንቧ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ቧንቧው አስቀድሞ በአልኮል ነበልባል ስለ ሞቀ ላምባው ወደ ተን ይለወጣል፤ ተኑም እጅግ በጠበበ ቀዳዳ ወጥቶ ከአየር ጋራ ተደባልቆ ይነዳል። ብርሃኑን የሚሰጠው ነበልባሉ ራሱ ሳይሆን፥ በነበልባሉ ግሎ የሚነጣው ትንሽ የክር ከረጢት ነው።

ይህን ከረጢት የፈለሰፈው ካርል አውኤር ፎን ቬልስባኽ የተባለ የኦስትርያ ሊቅ ሲሆን፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አገኘበት። በ1891 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶው 99 እጅ ቶሪየም ኦክሳይድ፥ 1 እጅ ሴሪየም ኦክሳይድ በማድረግ አሻሻለው። ቶሪየም ጨረር የሚያወጣ ማዕድን ስለ ሆነ በኋላ በብዙ ፋብሪካዎች በሌላ ማዕድን ተተክቷል። ቢሆንም ከረጢቱ ከምን እንደ ተሠራ የማያውቅ ሰው፥ የተሰበረውን አመድ በእጁ እንዳያደቅቅ፥ ትቢያውን እንዳይስብ፥ ከነካውም በኋላ እጁን በሳሙና እንዲታጠብ እንመክራለን።

አያያዙ

ለማሾ የሚገባው ንጹሕ ላምባ ነው፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠሎ ይጨመር። ጋኑ ከሦስት አራተኛው በላይ አይሞላም፤ የቀረው ቦታ ለአየሩ ነው። መሙላትም የሚገባው መብራቱ ከጠፋና ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ፥ ከድንኳን ውጭና ከእሳት ርቆ ነው። በላምባ ማሾ ውስጥ ቤንዚን ከቶ አይጨመርም፥ ከላምባም ጋራ አይደባለቅም። ላምባ ተቀጣጣይ ተን የሚሰጠው ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ሲሆን፥ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ ይህን ተን ይሰጣል፤ ስለዚህ ጥቂት ቤንዚን የገባበት ማሾ መብራት መሆኑ ቀርቶ ፈንጂ ይሆናል።

የፓምፑ ቆዳ ሲደርቅ አየር ስለሚያሾልክ ጥቂት ጠብታ ዘይት ይሰጠው። የተኑ መውጫ ቀዳዳ በመርፌው ይጠረግ፤ ብርጭቆውም ከቀዘቀዘ በኋላ ይታጠብ። አዲሱ ከረጢት መጀመሪያ ተቃጥሎ ነጭ አመድ መሆን ስላለበት፥ ይህ የሚደረገው በደጅ፥ ከጢሱ ራቅ ብሎ ነው። ከረጢቱ ከተቀደደ ነበልባሉ ሾልኮ ብርጭቆውን ስለሚሰነጥቅ ወዲያው ይለወጥ። መብራቱን ለማጥፋት የአየሩን ብሎን አላልቶ ግፊቱን ማስተንፈስ ነው እንጂ፥ በአፍ እፍ ማለት አይገባም።

በደኅና የተያዘ ማሾ ብርሃኑ ነጭና የማይዋዥቅ ነው። ብርሃኑ ወደ ብጫ ከተለወጠ፥ ከተንቀጠቀጠ፥ ወይም ብርጭቆው ጥላሸት ከያዘ፥ ላምባው በሙሉ እንዳልነደደ ምልክት ነው፤ ይህ ሲታይ ማሾውን አጥፍቶ መጥረግ ይገባል።

በጋዝ ቆርቆሮ የሚሠራውን ፋኖስ የሚይዝ ሰው ደግሞ፥ ጋዙ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ሾልኮ ሲወጣ በድንኳኑ ወለል ላይ እንደሚተኛ ይወቅ። መገጣጠሚያው ጋዝ ማሾለኩ የሚመረመረው በሳሙና አረፋ ነው እንጂ በክብሪት አይደለም። ቡታን የሚባለው ጋዝ በዜሮ ዲግሪ ገደማ ወደ ተን መለወጡን ስለሚያቆም፥ በደጋ ሌሊት መብራቱ ሊደክም ይችላል። ያን ጊዜ ቆርቆሮውን ከእሳት አጠገብ አኑሮ ማሞቅ ፍንዳታን መጥራት ነው።

የማይታየው አደጋ

እሳትና ፍንዳታ የሚታዩ ስለ ሆኑ ሰው ይጠነቀቃቸዋል። ከእነርሱ ይልቅ የሚያሠጋው ግን የማይታየው ነው። ማሾም ሆነ የጋዝ ፋኖስ ሲነድ የድንኳኑን አየር ይበላል፤ አየሩ ሲያንስም ነዳጁ በሙሉ ስለማይነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው መርዝ ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዐይንም አይቈጠቊጥም። በደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኀይል ስለሚይዘው፥ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ ይታፈናል። የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

ብርድና ዝናብ ይህን አደጋ ያብሱታል፤ ሰው ለሙቀት ሲል ድንኳኑን አጥብቆ ይዘጋልና፤ የራሰ ሸራም አየር አያሳልፍም። የተራራ ከፍታም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ በሰሜን ተራሮች ያለው የሳንቃበር ሰፈር ከ3,200 ሜትር በላይ፥ ጨነቅም 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። በዚያ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሲሶ ያህል ያንሳል።

ሌላም ችግር አለ። ከፍታ የሚያመጣው ሕመምና የዚህ መርዝ ሕመም በመጀመሪያ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽ፥ ድካምና ማዞር ያመጣሉ። አንድ መምህር ተማሪው በሌሊት «ራሴን አመመኝ» ቢለው፥ ሕመሙን ለተራራው ሰጥቶ «ተኛ፥ ይሻልሃል» ቢለው፥ ማሾውም በድንኳኑ ውስጥ እየነደደ ቢያድር፥ ልጁን ወደ ሞት ማስተኛቱ ነው። ስለዚህ በአንድ ድንኳን ካሉት ሁለት ሦስቱ በአንድነት ከታመሙ፥ ወይም ወደ ደጅ ሲወጡ የሚሻላቸው ከሆነ፥ አስቀድሞ የሚጠረጠረው መብራቱ ነው። ጥርጣሬው እስኪጣራም ልጆቹን በድንኳኑ ውስጥ ማቈየት አይገባም።

ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች

ማሾም ሆነ የጋዝ ፋኖስ ከድንኳን ውጭ፥ ከሸራውና ከገመዱ ራቅ ባለ ደልዳላ ቦታ ወይም በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ይብራ። በድንኳን ውስጥ ብርሃን ካስፈለገ የባትሪ መብራት ይያዝ። የድንኳኑን በር ገለጥ ማድረግ መልካም ቢሆንም፥ ብቻውን አያድንምና መተማመኛ አይሁን። ላምባ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ የጠማው ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ሕፃን ላምባ ከጠጣ እንዲያስመልሰው ማድረግ አይገባም፤ ሲያስመልስ ላምባው ወደ ሳንባ ገብቶ የባሰ ጉዳት ያመጣልና ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በመርዙ የተጠረጠረ ሰው ቢገኝ በሽተኛውንም ጤነኛውንም ሁሉ ወደ ደጅ ማውጣት፥ መብራቱንም ማጥፋት ነው። ወተት ማጠጣት ወይም ሎሚ ማሽተት መርዙን ከደም አያወጣውም። በንጹሕ አየር ላይ እንኳ በደሙ ውስጥ ያለው መርዝ በግማሽ እስኪቀንስ 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በሆስፒታል በሚሰጠው ኦክስጅን ግን ይህ ጊዜ እጅግ ያጥራል። ስለዚህ ራሱን የሳተ፥ ነገሩ የተምታታበት፥ ወይም ራስ ምታቱ ያልተወው ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። እሳት ያቃጠለውን ሰውነት ደግሞ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ እያፈሰሱ ማብረድ ይገባል፤ ቅቤ፥ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ቊስሉን ያባብሳል።

ክቡራን መምህራን ሆይ፤ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ማሾውን በትምህርት ቤቱ ግቢ አብሩት፤ ክፍሎቹን አሳዩአቸው፤ አየርና እሳት ያላቸውንም ግንኙነት አስረዱአቸው። በሰፈርም ማታ ማታ ተማሪዎቹ ከመተኛታቸው በፊት በየድንኳኑ ዞሮ መብራቱ መውጣቱን የሚመለከት አንድ ኀላፊ ሰው መድቡ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ይህ ጥቂት ድካም የሚያድነው ነፍስን ነው።