አውጪና አቀናባሪ

ጊፋታ፣ ፍቺው በኩር ወይም መጀመሪያ የሆነው የወላይታ የመስከረም በዓል፣ በደረሰ ጊዜ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በየመንደሩ የሚሰማውን ዘፈን ማን እንደ ደረሰው የሚጠይቅ እንግዳ ቢኖር ምላሹ ፈገግታ ብቻ ነው፤ አውጪው ቃሉን ከነዜማው ያወጣል፣ ተቀባዮቹ በጭብጨባ ይመልሳሉ፣ ከበሮና ወገብ ምቱን ይካፈላሉ፣ እንዲህም እየሆነ ግጥሙም ዜማውም ቅንብሩም በአንድ ቅጽበት ተፀንሶ ጀንበር ሳትጠልቅ የሁሉ ገንዘብ ይሆናል።

ያን አንዱን አውጪ ለአራት የከፈሉት ሸክላና ካሴት ናቸው፤ ከእነርሱ ወዲህ ገጣሚው ሌላ፣ የዜማ ደራሲው ሌላ፣ አቀናባሪው ሌላ፣ ወጪውን የሚችለውም ሌላ ሆነ። በዚህ ላይ የስም መደናገር ተጨመረ፤ ፈረንጆቹ ፕሮዲዩሰር የሚሉት ድምፁን ከጥንስሱ እስከ ፍጻሜው የሚያበጀውን ሰው ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ስሙ ለባለ ገንዘቡ ተሰጥቶ የሥራው ባለቤት አቀናባሪ ተብሎ ቀረ። ከባለ ገንዘቦቹ መካከል አምኃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ የተወሰነ መሆኑን እያወቀ በ1961 ዓ.ም. በድፍረት ገብቶ፣ ዘመነ መንግሥቱ ተለውጦ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችን አውጥቷል፤ በዚያው ዘመን ግጥም እየገጠመ፣ ፒያኖ እየመታ፣ የሌሎቹን ዘፈን ያቀናብር የነበረው ግርማ በየነ ግን ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ተሻግሮ፣ ብዙ ዓመት በነዳጅ ማደያ ሠርቶ ከኖረ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር ባወጣው አልበም እንደ አዲስ ተገኘ። የአሜሪካ ባላገር ዘፈን መዲና በሆነችው በናሽቪል ግን፣ እንዲህ ያለው ደራሲ እንዳይረሳ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970 ጀምሮ ለዘፈን ደራስያን ብቻ የቆመ የክብር መዝገብ አለ፤ በዚህስ እቀናለሁ።

ወላይታን በተመለከተ፣ ከሸክላ ቤት ይልቅ የዜማ ትምህርት ቤት የሆነችው ቤተ ክርስቲያን ናት ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሰባክያን በ1920 ዓ.ም. ሶዶ ገብተው፣ ጣሊያን ባስወጣቸው ጊዜ ጥቂት አማንያንን ትተው ቢሄዱ፣ ሲመለሱ ያገኙት በሺህ የሚቆጠር ምእመን ነበር፤ ይህ ሕዝብ የሚዘምረውም ከባሕር ማዶ በመጣ ዜማ ብቻ ሳይሆን በዚያው በአውጪና ተቀባይ ሥርዓት ነበር። በወላይትኛ በመዝፈን ስሙ የታወቀው ኮይሻ ሴታም ቢሆን የሚጠጣው ከዚሁ ከአውጪና ተቀባይ ምንጭ ነው።

ከመዝሙር ቤት ተነሥቶ ስቱዲዮ የገባ አቀናባሪ ሲነሣ ኤልያስ መልካን አለመጥቀስ አይቻልም፤ አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ ተምሮ፣ ለዘሪቱ ከበደና ለእዮብ መኮንን የሠራው ቅንብር የአንድ ትውልድ ድምፅ ሆነ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ከዓመታት በኋላም ደራሲው የላቡን ዋጋ ሳያገኝ መቅረቱ አንገብግቦት፣ ከባልንጀሮቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. ቢያቆምም፣ ፍሬውን ለማየት አልታደለም፤ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ዐረፈ።

ሶዶ ውስጥ ግድግዳዋ በስፖንጅ በተለበጠ አንዲት ጠባብ ክፍል ቁጭ ብዬ፣ አንድ ወጣት አቀናባሪ የሦስት ሴቶችን ጭብጨባ ቀርጾ፣ እያንዳንዷን ጭብጨባ በኮምፒዩተሩ መስመር ላይ ሲደረድር አይቻለሁ። ከኋላው የተቀመጡት ሽማግሌ አውጪ ጥቂት አዳምጠው «ልጄ፣ ይህ እኮ የወታደር ሰልፍ ሆነ» አሉት። «እሺ አባቴ» አለና አንዱን ወደ ኋላ፣ አንዱን ወደ ፊት በጣም በጥቂቱ አንፏቀቀው፤ ያን ጊዜ የሽማግሌው ትከሻ ሳይታወቃቸው ተነቃነቀ። ሲመሽ ሥራውን አስቀመጠ፤ በፋይሉ ላይ የጻፈው የዘፋኙን ስም ብቻ ነበር።